የራሱ መደብ

አንባቢ ሆይ፤ ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ተጉዘው ያውቁ እንደ ሆነ፤ መራዊንና ወተት ዓባይን ካለፉ በኋላ ዱርቤቴን ያገኟታል። አውቶቡሱ ጥቂት ሰው አውርዶ ጥቂት ሰው ጭኖ ስለሚያልፋት፤ ብዙ መንገደኛ ከመስኮት ሆኖ የበቆሎ እሸት ከመግዛት በቀር ሌላ ነገር አያስታውስላትም። እኔ ግን የመጀመሪያ ሥራዬን የጀመርሁባት፤ የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልሁባትና የመጀመሪያውን ታላቅ ስሕተቴን የሠራሁባት ከተማ ስለ ሆነች አልረሳትም። ዛሬ የማጫውትዎ ስለዚሁ ስሕተት ነው።

ተወልጄ ያደግሁት በባሕር ዳር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ዱርቤቴ ስመደብ፤ ስለ ተክል ሴል ብዙ የማውቅ ብሆንም ዶማ ጨብጬ አላውቅም ነበር። ርእሰ መምህሩ ግን ‹‹የባዮሎጂ አስተማሪ ከመጣልንማ የአትክልት ክበቡን እሱ ይምራልን›› ብለው ወሰኑ። በመጀመሪያው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፤ ለተማሪዎቼ አርኣያ ልሁን ብዬ ዶማውን አንሥቼ መሬቱን ጥቂት ጊዜ ብመታው እጄ ውሃ ቋጠረ። ልጆቹም አፋቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ ሣቁብኝ። ቢሥቁም አይፈረድባቸውም። በቆሎና ዳጉሳ፤ ጤፍና በርበሬ በሚበቅልበት ቀይ አፈር ላይ ያደጉ የገበሬ ልጆች ናቸው። በዚያ ክበብ አስተማሪው እነሱ፤ ተማሪው እኔ ነበርሁ።

ከተመዘገቡት ሠላሳ ያህል ተማሪዎች መካከል አንድ የዘጠነኛ ክፍል ዓይነ ስውር ልጅ ነበረ። ባየሁት ጊዜ ሆዴ ባባ። ያ ሁሉ ዶማና አካፋ በሚወዛወዝበት ቦታ ቢገባ አንድ ነገር ይሆንብኛል ብዬም ፈራሁ። ስለዚህ እጁን ይዤ ወሰድሁትና ‹‹አንተ ከዚህ ከዋንዛው ሥር አረፍ በል፤ ፀሐዩም በርትቷል›› አልሁት። ‹‹እሺ ቲቸር›› ብሎ ተቀመጠ። ጓደኞቹም ወደ ሥራ ሲገቡ ሹራባቸውንና ደብተራቸውን ከፊቱ ይከምሩ ጀመር። እንዲህ ሆኖ ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ በየረቡዑ የልብስ ጠባቂ ሆኖ ዋለ። እኔም ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በጥር መጨረሻ አንድ ቀን ልጆቹ ልብሳቸውን አንሥተው ከሄዱ በኋላ፤ እሱ ዱላውን ይዞ ቆመና ‹‹ቲቸር፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?›› አለኝ።

‹‹ጠይቅ›› አልሁት።

‹‹እኔ የተመዘገብሁት ለአትክልት ነው ወይስ ለልብስ ጥበቃ?››

የምመልሰው ጠፋኝ። ‹‹ዶማ እንዳያገኝህ ብዬ እኮ ነው›› አልሁት።

‹‹እናቴም እንደዚሁ ናት›› አለኝ። ‹‹ቢላዋ እንዳይቆርጥህ፤ እሳት እንዳይፈጅህ፤ ወንዝ እንዳይወስድህ እያለች አሳደገችኝ። አባቴ ደግሞ ከመሬቱ የሚደርሰኝን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ እህሉን እንደሚያስገባልኝ ይነግረኛል። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን መሬቴን በእጄ ሳልነካት ልሞት ነው?››

አንባቢ ሆይ፤ በዚያ አገር ሰው የሚቆጠረው በዘራው ነው። ጠዋት ሲገናኙ የሚጠያየቁት ስለ ዝናቡ፤ ስለ በሬውና ስለ ቡቃያው ነው። ከዱርቤቴ ጥቂት አለፍ ብሎ በመራዊ በኩል የቆጋ ግድብ ሰባት ሺሕ ሄክታር ለሚሆን መሬት ውሃ እንዲያጠጣ ከተሠራ ወዲህ፤ ወሬው ሁሉ የመስኖ ሽንኩርትና ድንች ሆኗል። በዚህ ሁሉ ወሬ መካከል አንድ ቃል የሚያወጣበት ቡቃያ የሌለው ወጣት እንደ እንግዳ ነው። እኔም ደግነት መስሎኝ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሌላ እንግድነት ጨመርሁለት።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ደግሞ ነገሩን የማላውቅ ሰው አለመሆኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ልዩ ፍላጎትና ስለ አካቶ ትምህርት ኮርስ ወስጃለሁ፤ ‹ኤ› አግኝቼበታለሁ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት አቅሙ የፈቀደውን ገንዘብ እንደሚመድብ መደንገጉን ለፈተና ሸምድጃለሁ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 መቀበሏንም አውቃለሁ። በዚያ ስምምነት በአንቀጽ 30 ውስጥ፤ አካል ጉዳተኛ የሆኑ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር እኩል በጨዋታ፤ በመዝናኛና በስፖርት፤ በትምህርት ቤት በሚደረገውም ጭምር፤ ይሳተፉ ዘንድ መንግሥታት እርምጃ እንዲወስዱ ተጽፏል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው ልጁን እጁን ይዞ ከጥላ ሥር ያስቀመጠው። ለካ ሕጉ የተጣሰው ሕጉን ባለማወቅ አይደለም፤ በርኅራኄ ነው።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አንድ ነገር አሰብሁ። በጎጃም በቅኔና በዜማ ቤት ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ወንበር ዘርግተው ዓይናማውን ተማሪ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ የተማረው ሰው ‹‹ምስኪን›› አላላቸውም፤ ‹‹የኔታ›› ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ እንጂ። ይኸውም የሆነው ትምህርቱ በቃልና በጆሮ የሚሄድ ስለ ነበረ፤ ገና ከመነሻው ለእነሱ የሚመች መንገድ ስለ ነበረው ነው። ስለዚህ አገራችን ለዓይነ ስውር ወንበር መስጠት ታውቅበታለች፤ ዶማ መስጠት ግን አልለመደችም። የጎደለው የልጁ ችሎታ ሳይሆን መንገዱ ነው አልሁ።

በማግሥቱ ለልጁ ‹‹ለአንተም መደብ ይሰጥሃል፤ እንዴት እንደምናበጀው ግን አንተ ንገረን›› አልሁት። ሥራውም እንዲህ ሆነ። የመደቡን ስፋት ከሁለት ክንድ እንዳይበልጥ አደረግን፤ ይኸውም ከግራም ከቀኝም ተቀምጦ እጁን ሲዘረጋ መካከሉን እንዲያገኘው ነው። ዙሪያውን በድንጋይ ደረደርነው፤ በእግሩ ወይም በዱላው ሲነካው ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ያውቃል። በመደቦቹ መካከል ያለውን መተላለፊያ አስፍተን ዶማና ባልዲ እንዳይጣልበት ደነገግን። በሁለት ካስማ መካከል የቃጫ ገመድ ወጠርንና በየስንዝሩ ቋጠርነው። ቋጠሮው ባለበት አንድ ችግኝ ይተከላል፤ ከገመዱ መሥመር ውጭ የበቀለው ሁሉ አረም ነው።

አራቱን ማዕዘን ለመለየት ያመጣውን ብልሃት ግን እኔ በምንም ዓይነት አላስበውም ነበር። ‹‹እናቴ ጓሮ ሳለሁ የት እንደ ቆምሁ የሚነግረኝ ሽታው ነው›› አለኝ። ስለዚህ በአንደኛው ማዕዘን ጤና አዳም፤ በሁለተኛው በሶብላ፤ በሦስተኛው ኮሰረት፤ በአራተኛው ጠጅ ሣር ተከልን። ቅጠሉን በጣቱ አሸት አድርጎ አፍንጫው ላይ ሲያደርስ የት እንዳለ ያውቃል። አንባቢ ሆይ፤ ይህ ሁሉ ስንት ብር የፈጀ ይመስልዎታል? ገመዱ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት፤ ድንጋዩ ከግቢው፤ ችግኙ ከልጆቹ ጓሮ መጣ።

ነገሩ ወዲያው ተቃና ብዬ ግን አልዋሽዎትም። በመጀመሪያው ሳምንት እኔ እጁን በእጄ ይዤ እተክልለት ነበር። ስንጨርስ ‹‹ይህን የተከሉት እርስዎ ነዎት፤ የኔ እጅ ጓንት ሆኖልዎታል›› አለኝ። ከዚያ ወዲህ እጁን መያዝ ተውሁ። ቀጥሎም ካሮት ዘርተን ጉድ ሆንን። ዘሩ ደቃቅ ነውና በትነን ነበር፤ ቡቃያው ከአረሙ ጋር ተደባለቀ፤ ልጁም ሊያርም ገብቶ ከካሮቱ ግማሹን ነቀለው። ያን ቀን ከአንዳንዶቹ ልጆች ‹‹ድሮስ!›› የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። እሱም ሰምቷል፤ ጆሮው ከኔ ይበልጣል። የሚቀጥለው ረቡዕ ይቀራል ብዬ ስፈራ እሱ ቀድሞ መጥቶ ገመዱን ሲወጥር አገኘሁት። ካሮቱን በመሥመር እንደገና ዘራነው። የካሮትን ቅጠል እንደ ላባ የለሰለሰ መሆኑን በጣቱ ካጠናው በኋላ አንድም አልነቀለም። ነጭ ሽንኩርትና የጎመን ችግኝ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀላል ሆኑለት።

ውሃ በማጠጣት ረገድ ደግሞ ሁላችንን በለጠን። ዓይናማዎቹ የመደቡ ፊት ሲጠቁር አይተው ‹‹ጠጥቷል›› ብለው ይሄዳሉ። እሱ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ሰዶ ‹‹ላዩ ነው የራሰው፤ ውስጡ ደረቅ ነው›› ይላል። ቆፍረን ብናይ እውነቱን ነው። በኋላ የመደቦቹን ሁሉ ውሃ የሚለካው እሱ ሆነ።

ይህ ወሬ ሲሰማ ሌሎች ሁለት ተማሪዎች መጡ። አንዷ መስማት የተሳናት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ናት፤ አንዱ በክራንች የሚሄድ ልጅ ነው። ለልጁ ጆንያ በአፈርና በፍግ ሞልተን ከአግዳሚ ወንበር ቁመት ጋር እኩል አቆምንለትና ተቀምጦ ሰላጣ ተከለበት። ልጅቷ ከጉድጓዱ ውሃ እየቀዳች ከዓይነ ስውሩ ጋር ትሠራለች። እሷ አትሰማ፤ እሱ አያይ፤ እንዴት ይግባባሉ ይሉኝ ይሆናል። እኔም ጨንቆኝ ነበር። እነሱ ግን ሳይጠይቁኝ ሥርዓት አበጁ። እሷ ትከሻውን አንድ ጊዜ መታ ስታደርገው ውሃው መጥቷል ማለት ነው፤ እሱ እጁን ወደ ላይ ሲያነሣ ይበቃል ማለት ነው። ሌሎቹም ልጆች ከእሷ ‹‹ውሃ››፤ ‹‹በቃ›› እና ‹‹ቀስ በሉ›› የሚለውን ምልክት ተማሩ። ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ እኔ ሳስረዝም ከኋላ ወንበር ‹‹በቃ›› የሚል ምልክት ማየት ጀመርሁ።

ይህን ነገር እኛ የፈጠርነው አይደለም። ከናዚዎች ሸሽቶ የወጣ ካርል ኮኒግ የሚባል የቪየና የሕፃናት ሐኪም፤ በ1940 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ አጠገብ ካምፕሂል በተባለ ስፍራ ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ይዞ መኖር ጀመረ። ልጆቹ ይማራሉ፤ ከአትክልቱና ከመሬቱ ሥራም ድርሻ አላቸው። ዛሬ በዚያ ስም የሚጠሩ መንደሮች በብዙ አገሮች አሉ። በሆላንድም አካል ጉዳተኞችና ሌሎች ድጋፍ የሚሹ ሰዎች የሚሠሩባቸው የእርሻ ቦታዎች ከአንድ ሺሕ በላይ ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ለእኛ የሚሻለው ለብቻ መንደር መሥራት አይደለም። አቅሙም የለን፤ ደግሞም ልጁ የጠየቀኝ የተለየ እርሻ ሳይሆን ጓደኞቹ ካሉበት ግቢ አንዲት መደብ ነው።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልንገርዎ። በመጋቢት ወር በክፍል ውስጥ ስለ ምግብና ስለ ቫይታሚን ሳስተምር ‹‹ቫይታሚን ኤ የጎደለው ሕፃን ኩፍኝ ከያዘው ኮርኒያ የሚባለው የዓይኑ የፊት ሽፋን ሊቈስልና ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ጎመን፤ ካሮትና ዱባ በሰውነታችን ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ነገር አላቸው›› ብዬ አለፍሁ። ሲደወል ሌሎቹ ወጡ፤ ልጁ ቀረ።

‹‹እኔን ዓይኔን ያጠፋኝ ኩፍኝ ነው፤ በሁለት ዓመቴ›› አለኝ። ‹‹ጎመን በልቼ ቢሆን ኖሮ አይ ነበር ማለት ነው?››

እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ተብሎ ይመለሳል? ‹‹የአንተን እኔ ልነግርህ አልችልም›› አልሁት። ‹‹ብዙ ሕፃናት ግን በክትባት፤ በምግብና ሐኪም በሚሰጠው ቫይታሚን ይድናሉ። በኩፍኝ ለታመመ ሕፃን ቫይታሚን ኤ ሁለት ቀን ተከታትሎ እንዲሰጠው የዓለም ጤና ድርጅት ያዝዛል።››

ዝም ብሎ ቆየና ‹‹እንግዲያው ይህን ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ›› አለኝ። ‹‹እሷ እኮ አላወቀችም፤ ስታለቅስ ትኖራለች። ገና አንድ ዓመት ያልሞላት እኅት አለችኝ፤ ጎመኑን ለእሷ አደርሳለሁ።››

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ መደብ ለኔ የክበብ ሥራ መሆኗ ቀረ።

በግንቦት ጎመኑ ተቈረጠ። ልጁ በእስር በእስር አድርጎ አሰረውና ዱላውን በአንድ እጁ፤ ጎመኑን በሌላው ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ እየሣቀ መጣና በመንገድ የሆነውን ነገረኝ። አንድ መንገደኛ ‹‹አይዞህ ወንድሜ›› ብሎ አሥር ብር በእጁ አስጨበጠው። ልጁ ብሩን በጣቱ ዳሰሰው፤ ከዚያም አንድ እስር ጎመን ቈጥሮ አቀበለው። ሰውየው ‹‹ኧረ ግዴለም፤ ለነፍሴ ነው›› አለ። ልጁም ‹‹ለነፍስዎ ሌላ ቀን፤ ዛሬ ጎመን ነው የሸጥሁልዎ›› ብሎት ሄደ።

ቤቱም ሲደርስ እናቱ ጎመኑን አይታ ‹‹ማን ሰጠህ?›› ብላ ጠየቀችው። ‹‹የኔ ነው›› ቢላት አላመነችም። በሳምንቱ ነጠላዋን አጣፍታ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ‹‹መምህር፤ እውነት ነው ይላሉ?›› አለችኝ። ከመደቡ አጠገብ አደረስኋት። እሱ ተቀምጦ ይኮተኩት ነበርና መምጣቷን አላወቀም። እሷም አልጠራችውም። መኮትኮቻው በጣቱ አጠገብ ባለፈ ቊጥር እጇ ወደ አፏ እየሄደ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ‹‹እኔ እኮ ፈርቼለት ነው›› አለች። ‹‹እኔም›› አልኋት።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ሳጫውትዎ አንድ ነገር በተሳሳተ መንገድ እንዳይወስዱብኝ እፈራለሁ። ‹‹እንግዲያው አካል ጉዳተኛ ልጅ አትክልት ይበቃዋል›› የሚል ሰው ቢነሣ፤ ልጁን ከዋንዛው ጥላ አውጥቶ በጎመን ጥላ ሥር ማስቀመጡ ነው። ያ ልጅ በብሬል የታተመ የሒሳብ መጽሐፍ ያስፈልገዋል፤ ፈተናውን በጊዜው የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል። የትነበርሽ ንጉሤን ስሟን ሰምተው ይሆናል። በአምሐራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣች፤ በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ የሕግ ባለሙያ የሆነች፤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በስዊድን ለሚሰጠው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተመረጠች ሴት ናት። ሰው አንድ ጉዳት ቢኖርበት የሚሠራባቸው ዘጠና ዘጠኝ ችሎታዎች አሉት ማለቷ ይታወቃል። መደቧ ከዘጠና ዘጠኙ አንዷ ብቻ ናት። ነገር ግን አንዷ ስትከፈት ሌሎቹ መኖራቸውን ጓደኞቹም፤ እናቱም፤ እኔም አየን።

ይህን የሚያነቡት ተማሪ ሆነው እንደ ሆነ፤ በክፍልዎ ‹‹አንተ ተወው›› እየተባለ የሚቀመጥ ጓደኛ አለ ወይ ብለው ዞር ብለው ይመልከቱ። በአንድ ጽሕፈት ቤት ገና ሥራ የጀመሩ ወጣት እንደ ሆኑ ደግሞ፤ አንድ ቀን ከጠረጴዛዎ ላይ የትምህርት ቤት አጥር፤ የጉድጓድ ወይም የአትክልት ቦታ ዕቅድ ይደርስዎት ይሆናል። ያን ጊዜ ከመፈረምዎ በፊት ‹‹መተላለፊያው ስንት ክንድ ነው?›› ብለው ይጠይቁልኝ። ከሁሉ በፊት ግን ልጁን ራሱን ይጠይቁት። እኔ ያን ለማድረግ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

የዋንዛው ነገርስ ምን ሆነ ያሉኝ እንደ ሆነ፤ በየረቡዑ ልጆቹ ሹራባቸውን ከቅርንጫፉ ላይ ይሰቅሉት ጀመር፤ የሚጠብቀው ግን አልነበረም። በሰኔ መጀመሪያ አንዲት ፍየል በአጥሩ ሾልካ ገብታ የአንዱን ልጅ እጅጌ አኝካ አገኘናት። ባለ ሹራቡ እየተናደደ ‹‹ጠባቂያችን የት ሄዶ ነው?›› ብሎ ጮኸ።

‹‹ሥራ ላይ ነኝ!›› የሚል ድምፅ ከመደቡ መጣ።